ቃል ያጠፈው ይሄዳል፣ ዕዳው ይቀራል

እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላዬ ዋድ በ2007 ለሁለተኛ ጊዜ ከተመረጡ በኋላ፣ ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ይወዳደሩ እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው ቁርጥ ያለ ነበር። አይቻልም፣ ሕገ መንግሥቱ ዘግቶታል አሉ። ቆይቶ ግን ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሊወዳደሩ መሆኑ ታወቀ። በ2011 የድሮ ቃላቸውን ሲያስታውሷቸው «ብዬ ነበር፤ አሁን መልሼዋለሁ» አሉ። በቃ።

እውነቱን ለመናገር በአንድ በኩል ሰውየውን አደንቃቸዋለሁ። ሌላ መሪ ቢሆን «ንግግሬ ተቆርጦ ነው የቀረበው»፣ «ያን ጊዜ ሁኔታው ሌላ ነበር»፣ «የሕዝቡ ጥያቄ ስለ በዛብኝ ነው» ይል ነበር። እሳቸው ቃላቸውን ያጠፉት በአደባባይ ነው። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በጥር ወር 2012 መወዳደር ይችላሉ ብሎ ፈቀደላቸው፤ ዳካር በተቃውሞ ታመሰች፤ ሰው ሞተ። በመጋቢት መጨረሻ በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ግን ተፎካካሪያቸው ማኪ ሳል ከመቶ 65 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፏቸው። ዋድ በዚያው ምሽት ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሉ።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስንተርክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ቃል አባዩ ተቀጣ፣ ሕዝብ ፈረደ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። የእኔ የዛሬ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ማኪ ሳል ሲወዳደሩ ከገቧቸው ቃሎች አንዱ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ከሰባት ወደ አምስት ዓመት ማሳጠር፣ ያውም ከራሳቸው መጀመር ነበር። ሰው በጣም ወደደላቸው። ቆይተው ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አቀረቡ። ምክር ቤቱ በየካቲት ወር 2016 «ለውጡ አሁን ያለውን ዘመን አይመለከትም» አለ። እሳቸውም የሕግ ሰዎች ያሉትን እቀበላለሁ ብለው ሰባቱን ዓመት ሞሉ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ክርክሩ ውሃ ያነሳል ሊል ይችላል፤ እኔም ውሃ አያነሳም ብዬ አልከራከርም። ከዋድ በኋላ ለመጣ መሪ ግን ያ መልስ አይበቃም ነበር። ሰዉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸኛውም መለሰው።

ሐምሌ ወር 2023 ላይ ሳል ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም አሉ። ይህን ቃል አክብረዋል። ነገር ግን በየካቲት 2024፣ የምርጫ ቅስቀሳው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ ምርጫውን አራዘሙ። የሥልጣን ዘመኔ ሲያበቃ እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን አልጨምርም እያሉ ደጋግመው ተናገሩ። ማን ይመናቸው? እባብ ያየ በልጥ በረየ። አደባባዩ በእንባ አስመጪ ጭስ ተሞላ፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ማራዘሙን ሻረው፤ ምርጫው በመጋቢት ተካሄደ፤ ከእስር ከወጡ ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላቸው ተቃዋሚው ባሲሩ ዲዮማዬ ፋዬ አሸነፉ። ሳልም እንዳሉት ሥልጣናቸውን አስረከቡ። እሄዳለሁ ያሉት እውነታቸውን ነበር ማለት ነው፤ ግን እውነቱ በተነገረበት ቀን የሚያምን ሰው አልነበረም።

የታጠፈ ቃል ጉዳቱ በተነገረበት ጉዳይ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። መንገድ እሠራለሁ ያለ አልሠራም፣ ቅር ተሰኘን፣ በሚቀጥለው ምርጫ አወረድነው። ችግሩ ዕዳው ቃሉን ካጠፈው ሰው ጋር አብሮ አለመሄዱ ነው። ቀጥሎ ለሚመጣው ይተላለፋል፤ ከዚያም አልፎ ከፖለቲካው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ላይ ያርፋል። ይህን ለማሳየት ከምርጫ አደባባይ ርቄ ወደ አንድ የበሽታ ወረርሽኝ ልውሰዳችሁ።

የዲሞክራቲክ ኮንጎ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ካቢላ ሁለተኛውና የመጨረሻው የሥልጣን ዘመናቸው ያበቃው በ2016 ታኅሣሥ ነው። ምርጫ ግን አልተደረገም። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የካቶሊክ ጳጳሳት ባሸመገሉት ስምምነት ምርጫው እስከ 2017 መጨረሻ እንዲካሄድ ቃል ተገባ። 2017 አለፈ። ዲሴምበር 23 ቀን 2018 ተባለ። ቀኑ ሲቃረብ ኪንሻሳ ውስጥ የድምፅ መስጫ መሣሪያዎች የተቀመጡበት መጋዘን ተቃጠለና አንድ ሳምንት ተገፋ። እንዲህ እንዲያ እያለ ዲሴምበር 30 ደረሰ።

በዚህ መካከል በምሥራቅ፣ ሰሜን ኪቩ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከኦገስት 2018 ጀምሮ ኢቦላ ገብቷል። ቤኒና ቡቴምቦ የሚባሉት ከተሞች የወረርሽኙ መናኸሪያ ናቸው። ነዋሪዎቻቸው ለዓመታት በታጣቂዎች የሚታረዱ፣ መንግሥት ይጠብቀናል ብለው ጠብቀው ያልተጠበቁ ሰዎች ናቸው። ድምፅ ሊሰጡ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ዲሴምበር 26፣ የምርጫ ኮሚሽኑ መግለጫ አወጣ። በኢቦላና በጸጥታ ምክንያት በእነዚህ አካባቢዎች ምርጫው ወደ መጋቢት ተላልፏል አለ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ግን ቃለ መሐላ የሚፈጽመው በጥር ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መራጮች ካርዳቸውን እንደያዙ ቀሩ ማለት ነው። አካባቢው ደግሞ የተቃዋሚዎች ጠንካራ ቦታ ነበር።

ነገሩን በቤኒ ከተማ ሰው ጆሮ አስቡት። ገበያው ክፍት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነው። ሰው ታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ ይሳፈራል። ኢቦላ የሚያስፈራው ድምፅ መስጫ ጣቢያ ላይ ብቻ ሆነ። በማግስቱ ተቃዋሚዎች የኢቦላ ተጠርጣሪዎች የሚቆዩበትን ማዕከል ወረሩ፤ ምርመራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ጥለው ሸሹ። በምርጫው ቀን ደግሞ የቤኒ ነዋሪዎች የራሳቸውን የምሳሌ ምርጫ አዘጋጁ። ተሰለፉ፤ ከመምረጣቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ፤ ድምፅ ሰጡ። ይህችን እጅ መታጠብ ልብ በሉልኝ። መከላከያውን አሳምረው ያውቁታል። የጠፋው እውቀት አይደለም።

ከዚያ በፊት፣ በሴፕቴምበር፣ ተመራማሪዎች በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ጠይቀው ነበር። ከአራት ሰው አንዱ ኢቦላ የሚባል ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር። በባለሥልጣናት ላይ እምነት የሌለው ሰው ደግሞ ክትባቱን ለመውሰድ ፈቃደኛ የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነበር። ቀድሞ ያልነበረ ክትባት በዚህ ወረርሽኝ በእጅ ነበር፤ የሚሠራ ክትባት። ሆኖም የሕክምና ማዕከላት ተቃጠሉ፣ የጤና ሠራተኞች ተገደሉ፣ ወረርሽኙ እስከ 2020 አጋማሽ ተራዝሞ ከ2,200 በላይ ሰው ሞተ። ሁሉንም በምርጫው መታጠፍ ላላክክ አልፈልግም፤ ጦርነቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ግን «በሽታው የፖለቲካ ነው» የሚለውን ወሬ ማንም አሉባልተኛ ሊያገኝለት የማይችለውን ማስረጃ የሰጠው የመንግሥት መግለጫ ነው።

ላይቤሪያም በ2014 በደረሰባት የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ በሞንሮቪያ የተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። መንግሥትን የማያምኑት ሰዎች የበሽታውን ምልክትና መተላለፊያ መንገድ ከሌላው ባልተናነሰ ያውቁ ነበር። ልዩነቱ መመሪያውን መከተሉ ላይ ነው፤ አይከተሉም። መንግሥታት ሕዝብ አልሰማ ሲላቸው ቶሎ የሚመጣላቸው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ማዘጋጀት ነው። ባነር ይሰቀላል፣ የውሎ አበል ይከፈላል፣ ሻይ ቡና ይባላል። ሰውየው ግን ገብቶታል። ያልገባው ለምን ዛሬ ሊያምናችሁ እንደሚገባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ታዲያ ፖለቲከኛ ሁሉ ቃሉን የሚበላ ነው? የሚያስገርመው፣ አይደለም። በአሥራ ሁለት አገሮች፣ በ57 የምርጫ ዘመቻዎች የተገቡ ከ20,000 በላይ ቃሎችን አንድ በአንድ የተከታተለ ትልቅ ጥናት በ2017 ታትሟል። ፓርቲዎች ሰው ከሚገምተው በላይ ቃላቸውን ይፈጽማሉ። ብቻቸውን መንግሥት የሚመሠርቱት ከጥምር መንግሥታት የበለጠ ይፈጽማሉ፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው፣ ሥልጣን የተካፈለ ፕሮግራሙንም ይካፈላል። ጥናቱ የተደረገው ምርጫ ሥር በሰደደባቸው አገሮች መሆኑን አትርሱ፤ ለሁሉም አገር ይሠራል ማለት አይደለም።

ግን እነዚያ አገሮች ውስጥም ሰው «ሁሉም ውሸታም ናቸው» ነው የሚለው። ለምን? የተፈጸመ ቃል ድምፅ የለውም። የጡረታ ሕጉ አንድ አንቀጽ እንደተባለው ተሻሻለ፤ ማን ያስታውሰዋል? ሰው የሚያስታውሰው ልጁን የሚነካውን፣ ኪሱን የሚነካውን፣ ሬሳ የሚያመጣውን ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1964 አክሮን በተባለች የኦሃዮ ከተማ የእስያ ልጆች ራሳቸው ሊሠሩት የሚገባውን እንዲሠሩላቸው የአሜሪካ ልጆችን ዘጠኝና አሥር ሺህ ማይል አርቀን አንልክም አሉ። በሰፊ ድምፅ ተመረጡ። በመጋቢት 1965 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ቬትናም ዳ ናንግ ላይ ወረዱ። በ1968 እዚያ የነበረው ጦር ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። ጆንሰን በጤና መድንና በሲቪል መብት ያደረጉት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ቃል የገቡት ነው። በ1964 መንግሥት ትክክለኛውን ያደርጋል ብሎ የሚያምን አሜሪካዊ ከመቶ 77 ነበር። ከዚያ በኋላ ቬትናም፣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያስወረደው የዋተርጌት ቅሌት መጣና ቁጥሩ ወረደ፤ እስከ ዛሬ ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም። ዛሬ የሚጠየቁት አብዛኞቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም ነበር።

ቃል ማጠፍ ሁሉ አንድ አይደለም። አስቦ፣ ሞክሮ፣ ያቃተው አለ። ሲገባም የማይፈጸም መሆኑን የሚያውቅ አለ። ሁለተኛውን ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ የሰው ልብ ማን ያያል? አንድ ጊዜ ብቻ ግን በቴፕ ተቀድቶ ሰማነው።

በ2006 የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ፌሬንትስ ጁርቻኝ ምርጫ አሸነፉ። በግንቦት ወር መጨረሻ የፓርቲያቸውን የፓርላማ አባላት ባላቶንኦሶድ በተባለ ቦታ በዝግ ሰበሰቡ። እዚያ ላይ ስለ ኢኮኖሚው ሁኔታ ለሕዝብ የተናገሩት ሁሉ ውሸት እንደነበር ዘረዘሩ። «ጠዋት ዋሸን፣ ሌሊት ዋሸን፣ ማታ ዋሸን» አሉ። በሴፕቴምበር ቅጂው ሾልኮ ወጣ። ሰዉ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ሕንፃ ሰብሮ ገባ፤ ቡዳፔስት ለሳምንታት ታወከች።

ንግግሩን በሙሉ ያነበበ ሰው አንድ የሚያስቸግር ነገር ያገኛል። ሰውየው በውሸቱ እየፎከሩ አልነበረም። ከእንግዲህ ይብቃን፣ እውነቱን እንናገርና ከባዱን ማሻሻያ እናድርግ እያሉ ጓዶቻቸውን ይወተውቱ ነበር። በዚያ መንግሥት ዘመን ምናልባት ከተነገሩት ንግግሮች ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው። ጥፋቱ በሩን ዘግተው መናገራቸው ነው። ያንኑ ቃል በአደባባይ ቆመው «አሸንፈናል፣ ግን ሒሳቡን አልነገርናችሁም» ቢሉ ኖሮ ይወድቁ ይሆናል፤ ግን እውነቱን ከሌባ እጅ የተቀበለ ሕዝብ አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላም ሥልጣን ላይ እስከ 2009 ቆዩ፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። በ2010 ተቃዋሚው የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ በፓርላማ ሁለት ሦስተኛ ወንበር ያዘ፤ በዓመቱ ብቻውን አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። ኦርባንን የሚወድም የሚጠላም አለ፤ ለዚያ ሁሉ ሥልጣን መንገዱን የጠረገላቸው ግን አንድ የዝግ ስብሰባ እንደነበር ሁለቱም አይክዱም።

«ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሕዝብ ይቅር ይላል» የሚል ክርክርም አለ። አላቃልለውም፤ ማስረጃ አለው። ፔሩ፣ 1990። የዋጋ ንረቱ በሺዎች ከመቶ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ደራሲው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ ሲወዳደሩ መራራ መድኃኒት እንደሚያስፈልግ፣ የመንግሥት ድጎማ በአንድ ጊዜ እንደሚነሳ ሳይደብቁ ተናገሩ። ተፎካካሪያቸው አልቤርቶ ፉጂሞሪ እኔ እንዲህ ያለ ድንገተኛ እርምጃ አልወስድም አሉና አሸነፉ። ሥልጣን በያዙ በአሥራ አንደኛው ቀን ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በቴሌቪዥን ቀርበው የአዲሱን ዋጋ ዝርዝር አነበቡ። ቤንዚን ሠላሳ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ሚኒስትሩ ንግግራቸውን «እግዚአብሔር ይርዳን» ብለው ዘጉ። የተሸነፉት ሰው ፕሮግራም፣ በአሸናፊው እጅ፣ እንዲያውም ከዚያ በከፋ።

ንረቱ ግን ወረደ። ሰው ቀስ በቀስ ፉጂሞሪን ወደዳቸው። በ1992 ታንክ አሰልፈው ፓርላማውን ሲዘጉ አብዛኛው ሕዝብ ደገፋቸው፤ በ1995 እንደገና መረጣቸው። ይቅርታ ማለት ይህ ከሆነ፣ በእርግጥ ይቅር ተባሉ። ነገር ግን የፔሩ መራጭ ከዚያች ምሽት የተማረውን አስቡ። የፈለግኸውን ምረጥ፣ የሚሆነው የሚሆነው ነው። ምርጫ ፖሊሲ የማይወስን ከሆነ ፓርላማ ቢዘጋ ምን ይጎድላል? ፓርላማ ሲዘጋ ዝም ያለው ሕዝብ ፈሪ አልነበረም፤ የሚጎድልበት ነገር መኖሩ አልታየውም። ፉጂሞሪ በ2000 ጃፓን ሆነው በፋክስ ሥልጣን ሲለቁ፣ በኋላም በሰብዓዊ መብት ጥሰት 25 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ተበታትኖ የነበረው የፓርቲዎች ሥርዓት ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

አሁን ወደማይመች ነገር ልግባ። እስካሁን ስለ መሪዎች እያወራሁ ተስማምተን ነበር። ቫርጋስ ዮሳ ግን የተሸነፉት እውነቱን ስለ ተናገሩም ጭምር ነው። በ1984 ዋልተር ሞንዴል የአሜሪካ ዲሞክራቶች እጩ ሆነው ሲቀርቡ ፕሬዚዳንት ሬገንም ግብር ይጨምራሉ፣ እኔም እጨምራለሁ፣ እሳቸው አይነግሯችሁም፣ እኔ ግን ነገርኳችሁ አሉ። ከሃምሳ ክፍለ ሀገር ያሸነፉት አንዷን፣ የትውልድ አገራቸውን ሚኒሶታን ብቻ ነው። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ኢኮኖሚው አገግሞ ነበር፣ ሬገን ተወዳጅ ነበሩ። ግን ከዚያ ወዲህ የምርጫ አማካሪዎች ለእጩዎቻቸው ሞንዴልን እንደ ማስፈራሪያ ይጠቅሱላቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ ለሚለው እያጨበጨብን፣ ወተቱ ሲጠፋ ተታለልን ማለት ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

ይህን የምለው ጥፋቱን ከመሪዎች አንስቼ ሕዝብ ላይ ልጭን አይደለም። ሒሳቡ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ካዝናውን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ መራጩ የሚያየው የሚነገረውን ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር መራጩ ማየት የሚችልበትን መንገድ ማግኘቱ ነው።

አንዳንዱ ቃል በራሱ ይታያል። ኔልሰን ማንዴላ አንድ ዘመን ብቻ አገለግላለሁ አሉ፤ በ1999 ሄዱ። ቀን አለው፣ ማንም ይቆጥረዋል። «እናጠናክራለን»፣ «ትኩረት እንሰጣለን»፣ «የሕዝቡን ተጠቃሚነት እናረጋግጣለን» የሚለው ግን መታጠፍ እንኳ አይችልም፤ የሚታጠፍ ነገር የለውምና። እኔ ከታጠፈ ቃል ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ። የታጠፈውን ቢያንስ ይዘህ ትሞግታለህ።

ኔዘርላንዶች አንድ ልማድ አላቸው። ከ1986 ጀምሮ የመንግሥት ግን ገለልተኛ የሆነው የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ ከምርጫ በፊት ፈቃደኛ የሆኑ ፓርቲዎችን ፕሮግራም እየወሰደ ያሰላል። ይህ ስንት ያስወጣል፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ሥራ አጥነትን ምን ያደርጋል፣ የመንግሥት ዕዳ የት ይደርሳል። ፓርቲዎቹ ለዚህ ሲሉ ሐሳባቸውን በቁጥር ለመጻፍ ይገደዳሉ። ቢሮው ሲጠይቃቸው «እናጠናክራለን» ብሎ መልስ የለም። ብዙ የሚያምሩ ተስፋዎች ሕዝብ ዘንድ ሳይደርሱ የሚቀሩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አውስትራሊያም በ2012 ያቋቋመችው የፓርላማ በጀት ቢሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ እንግዲያውስ መፍትሔው ተገኘ ልትሉ ነው። ቆዩ። ስሌቱ በፈቃድ ነው። በኔዘርላንድስ የ2023 ምርጫ፣ ከ150 ወንበር 37ቱን ወስዶ አንደኛ የወጣው የኼርት ቪልደርስ ፓርቲ ፕሮግራሙን ለስሌት አላቀረበም። ቢሮው ሥራውን ሠርቷል፤ ያቀረቡት ፓርቲዎች ቁጥር በየጋዜጣው ወጥቷል። መራጩ ያንን አይቶ ያላስመረመረውን መረጠ። ካስመረመሩት ብዙዎቹ ለዓመታት በመንግሥት ውስጥ ሲፈራረቁ ቆይተው መኖሪያ ቤት እንሠራለን፣ የስደተኛ ማስተናገጃውን እናስተካክላለን ብለው ያልሆነላቸው ነበሩና፣ የእነሱ ቁጥር ትክክል መሆኑ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

የእኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ መልሱን ይዤ አልመጣሁም። መድረኩ ክፍት ነው፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።